ሳይሰፋ የዞረው ጨርቅ

እህቴ ዘንድሮ ለአረፋ ከጅዳ የላከችውን ሻንጣ ስከፍተው የሳሙና ሽታ ቤቱን ሞላው። ያ ሽታ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

ያኔም አክስቴ ከጅዳ አረንጓዴ የቀሚስ ጨርቅ፣ መሀሉ ሳሙና ተሸጉጦበት፣ ልካልኝ ነበር። እናቴ ግን ሳታሰፋልኝ አራስ ጎረቤታችንን ልትጠይቅ ይዛው ሄደች። በከርሞው አረፋ ከአርዲቦ የመጣች ዘመዳችን ያንኑ ጨርቅ ከነሽታው ስጦታ ብላ አመጣችልን።

«ይሄ እኮ የኔ…» ስል እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ከዚያ አይታው እንደማታውቅ ሁሉ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ «አላህ ያክብርልኝ፤ ምነው ተቸገርሽ?» አለቻት።

እንግዳዋ ስትወጣ አለቀስኩ። እናቴ ጨርቁን እያጣጠፈች፣ «ላንቺ ቢሰፋ አንድ ሰው ነበር የሚለብሰው» አለችኝ። «ይኸው ከእጅ እጅ ሲዞር ስንቷን ባዶ እጇን ከመሄድ አዳናት።» ነገሩ አልገባኝም፤ ቀሚሴን ነበር የፈለግሁት።

አሁን ልጄ ከሻንጣው የወጣውን አዲስ የቀሚስ ጨርቅ ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ «እማ፣ መቼ ይሰፋልኛል?» አለችኝ። የእናቴ መልስ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥ አድርጌው በባጃጅ ሐይቅ ከተማ ልብስ ሰፊ ጋ ወሰድኳት።

ነገ የምጠይቃት አራስ ጎረቤት አለችኝ፤ ምን ይዤ እንደምሄድ ግን እንጃ።