ውሃ የጠጣችው ቤት

ልጅ ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ አጎቴ ጋሼ ሙሄ በውጭ አገር ከምንኖርበት ሰፈር፣ ከጄን ኤንድ ፊንች፣ በአውቶቡስ ይዘውኝ ወደ ሐይቁ ይወርዱ ነበር። ሥራቸው ሰው የሚኖርባቸውን ጀልባዎች መጠገን ነው፤ የበሰበሰ ሳንቃ ይቀይራሉ፣ ስንጥቅ በጥጥና በሬንጅ ይደፍናሉ። ያደጉት ጣና ዳር ነው። አባታቸው የደንገል ታንኳ ሠሪ ስለነበሩ ተረታቸው ሁሉ ስለ ጉማሬና ስለ ዓሣ አጥማጅ ነበር። እኔም የምሄደው ለተረቱ ነበር።

አንድ ክረምት ሐይቁ በረዶ ከመሆኑ በፊት የማርጋሬትን ጀልባ ከውሃ አወጡ። ማርጋሬት ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት፤ ከዚያች የእንጨት ጀልባ ሌላ ቤት አልነበራትም። የደንገል ታንኳ ውሃ ከጠገበ ስለሚከብድ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። ጋሼም ያንኑ አደረጉ፤ መጠለያው ውስጥ እሳት እያነደዱ ክረምቱን ሙሉ አደረቋት። እንጨት ግን ሲደርቅ ይኮማተራል። በረዶው ቀልጦ ሐይቁ ላይ ስናወርዳት በየመጋጠሚያው ውሃ ገባ።

«ሞ!» አለች ማርጋሬት፤ ጋሼን እንደዚያ ነበር የምትጠራቸው። «ቤቴ ልብስ መሰለህ እንዴ ያሰጣኸው?»

«ላውጣትና ልድፈናት» አሉ ጋሼ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ተዋት፣ ትጠጣ። እንጨቱ ሲያብጥ ይገጥማል።»

«ካልገጠመስ?»

«ካልገጠመማ አንተ ጋ እኖራለሁ። ለሚስትህ ንገራት።»

የዚያን ዕለት ማታ ጀልባዋ ውስጥ መብራት ስላልነበረ ፋኖስ ለኩሰን ትንሿን ምድጃ ከበን ተቀመጥን፤ ጭሱ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ ፍሙ ቀልቷል፣ ጋሼ ጉማሬ ታንኳውን ስለገለበጠበት ሰው ያወራሉ፤ ውሃው ወለሉን ሲያልፍ ተነሥተው በእጅ ፓምፕ ያወጡና ተመልሰው ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ማርጋሬት አማርኛ ባትሰማም እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ታዳምጥ ነበር።

«ጋሼ፣ አር ዊ ሲንኪንግ? እየሰጠምን ነው?» አልኳቸው።

«እኔ እንጃ። አዳምጥ» አሉኝ።

በማግስቱ ማታ ፓምፑ የሚስበው ውሃ አጣ። ማርጋሬት እግሯን ወለሉ ላይ አወረደች።

ተረቱ እንዴት እንዳለቀ አላስታውስም። የቀረኝ የጋሼ ድምፅ ነው። ፈርተው ነበር፤ ግን አልዋሹኝም፣ ጥለዋትም አልሄዱም።

ዘንድሮ ወንድ ልጄ ሞተ። ገና መራመድ መጀመሩ ነበር። ለቅሶ የሚመጣው ሰው ባለቤቴን ሰሚራን «ሶብር አድርጊ» ይላታል፣ እኔን «በርታ»። በርትቻለሁ። ምንም አይሰማኝም። ሥራ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ትናንት ሰዉ ከወጣ በኋላ ሰሚራ ኩሽናው ወለል ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አንተስ አታለቅስም?» አለችኝ።

«አልመጣልኝም።»

ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ ማልቀሷን ቀጠለች። ሸሚዜ ራሰ። ይብቃሽ አላልኳትም።