በድንበሩ ላይ የበቀለው ቅንጬ

ዘመናይ ሰው አታምንም። ባሏ የሞተ ዓመት የገዛ ወንድሞቹ መሬቷን ገፍተው ይዘውባት፣ ያስመለሰችው ከሲሬ አሰላ ፍርድ ቤት ስትመላለስ ከርማ ነው። ከዚያ ወዲህ ወተት እንኳ ሳትቀምስ አትገዛም።

አምና ክረምት ጤፏ ከጎረቤቷ ከሀሰኖ ማሳ በሚዋሰንበት በኩል አልበቅል አለ። መሀሉ ጥቅጥቅ ብሎ ሲወጣ ዳር ዳሩ ላይ ግን አልፎ አልፎ ቢጫ ቡቃያ ብቻ ነበር። ሀሰኖ መርጫ አዝሎ ስንዴውን ፀረ አረም ሲረጭ አይታዋለች። ነገሩ ግልጽ ሆነላት፤ ማሳዋን አዳክሞ በርካሽ ሊከራያት ነው።

ጠዋት ጠዋት ጭራሮ የምትለቅም መስላ ድንበሩ ላይ ትመላለስ ጀመር። ሀሰኖ ሰላም ሲላት ጉሮሮዋን ጠርጋ ታልፋለች። ነጫጭ አበባ ያወጣው ቅንጬ አረም ድንበሩ ላይ እስከ ወገቧ ደርሷል። አልነካችውም። ብትነቅለው ድንበር ገፋች እንደሚላት ጠርጥራለች።

በመጨረሻ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ቢሊሱማን ይዛ መጣች። ቢሊሱማ ቁጢጥ ብሎ አፈሩን አገላበጠ።

“እትዬ፣ እርስዎ ማሳ ላይ የተረጨ ነገር የለም። ጥፋቱ የቅንጬው ነው። ከሥሩና ከሚረግፈው ቅጠሉ የሚወጣው ነገር አፈር ውስጥ ገብቶ የሌላውን ዘር እንዳይበቅል ያደርገዋል። የበቀለውንም ያቀጭጨዋል።”

“አረም ጎረቤቱን ይመርዛል ነው የምትለኝ?”

“አዎ።”

ከዚያ ወደ ሀሰኖ ተሻግሮ በኦሮምኛ እያወሩ ሲሳሳቁ አየች። ቋንቋውን አሳምራ ታውቃለች፤ ርቀቱ ግን አላሰማትም። ተመሳጥረዋል አለች በልቧ።

ውሸታቸውን ላጋልጥ ብላ የቅንጬ ቅጠል ወቅጣ ዘፈዘፈች። በሁለት ሳህን ላይ ጨርቅ አንጥፋ ጤፍ በተነች፤ አንዱን በንጹህ ውሃ፣ ሌላውን በዝፍዝፉ አራሰች። ሰው እንዳይነካባትም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ከጥቂት ቀን በኋላ ስትከፍተው ንጹህ ውሃ ያገኘው ጤፍ ነጭ ሥር ሰዷል። በሌላው ሳህን ጥቂት ፍሬ ብቻ ፈንድቷል፤ ሥሩም አጭርና የጠቆረ ነው። አላመነችም። ደግማ ሞከረች፤ ያው ሆነ።

ሀሰኖ ዘንድ ሄደች።

“ያንተ ስንዴ በድንበሩ በኩል እንዴት ነው?”

“አልያዘም፣ እትዬ።” መሬት መሬት አየ። “እውነቱን ልንገርዎትና እርስዎ የሆነ ነገር የደፉበት መስሎኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሲዞሩበት አያለሁ።”

“ታዲያ አረሙን ለምን አልነቀልከውም?”

“ድንበር ገፋ እንዳይሉኝ ነዋ።”

ዘመናይ “ነገ አብረን እንነቅላለን። ለብቻህ እንዳትጀምር” አለችው።

ቆዳ ያሳክካልና እጃቸውን በፌስታል ጠቅልለው እሷ በዚህ፣ እሱ በዚያ ሆነው እየተያዩ ነቀሉ። ዘንድሮ ጤፉ ሳሳ ቢልም እስከ ዳር በቅሏል። ከሀሰኖ ጋር ሰላም ይባባላሉ። መርጫውን አዝሎ ሲያልፍ ግን ዛሬም በዓይኗ ትከተለዋለች።

በሲሬ ገበያ ስለ ቅንጬ ለሚጠይቋት ሴቶች “እኔን አትመኑ፤ ዘፍዝፋችሁ እዩት” ትላለች። አንድ ቀን ከሁሩታ የመጣች ሴት ከላይ እስከ ታች አየቻትና “እንዲህ በዪ ያለሽ ማነው?” አለቻት። ዘመናይ ሴትዮዋን ወደደቻት፤ አጠገቧም አስቀመጠቻት።