ደም የመሰለው የሰርግ ሳሙና

የልጅ ልጄ በቀደም ራሷ የሠራችውን ሳሙና አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ላዩ ላይ የቡና ፍሬ ተደርድሮበታል፤ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል። ገልብጬ አየሁት፣ በጥፍሬም ጫር አደረግሁት። ሳሙና ከወጥ ቅመም ጋር ሲወዳጅ አላምንም። «እማማ፣ ቢጫ እንዲሆን ብዬ እርድ ጨምሬበት ነበር፤ ቀላብኝ» አለችኝ። «ታዲያ ማንን ጠረጠርሽ?» አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ልጅ እያለሁ፣ ቦንጋ ውስጥ የሱቅ ሳሙና ለእንግዳ ብቻ በሚወጣበት ዘመን፣ እናቴ ሳሙና ታበስል ነበር። የከብት ሞራ ታቀልጣለች፤ ታቹ በተበሳ ማሰሮ ጭድ አንጥፋ አመድ ትሞላና ከላይ ውሃ እያፈሰሰች ታንጠባጥባለች። ያ የአመድ ውሃ ምላስ ይልጣል ብላ እኛን ልጆቹን አታስጠጋንም። ሞራውና የአመዱ ውሃ አብረው ሲንተከተኩ የሚወጣው ከባድ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ሲረጋ በእጇ ታድቦለቡለዋለች፤ እኔ ደግሞ የተሸረከተ ኮረሪማ ላይ አንከባልለዋለሁ።

አመዱን የምታመጣልን አበበች ነበረች። ጫካ ዳር ከሚኖሩት፣ እንጨትና ከሰል ሸጠው ከሚያድሩት ወገን ናት። ያኔ እነሱን ሰው ደጃፉን አያሳልፋቸውም። ቅርጫቷን አጥር ሥር ታወርዳለች፤ እናቴም እዚያው ትቀበላታለች። ከእናቴ በዕድሜ ትበልጣለች፤ ግን አንድም ሰው እትዬ ሲላት ሰምቼ አላውቅም። ለትንሹም ለትልቁም አበበች ብቻ ናት። ይሄ ነገር ያኔም ይከነክነኝ ነበር።

የአክስቴ ሰርግ ሲደርስ እናቴ ለሙሽሪት ወርቅ የመሰለ ሳሙና ላብስል አለች። እርዱን የወቀጥኩት እኔ ነኝ። እናቴ ትኩሱ ላይ በትና አማሰለችው። ሳሙናው ቀላ። የታረደ በግ ደም መሰለ።

እናቴ ማማሰያውን ጣለች። ጎረቤታችን እትዬ ሮማን ጎንበስ ብላ ድስቱን አየችና አማተበች።

«ለሙሽራ ደም? ይሄ የተደረገ ነገር ነው። አመዱን ማን አመጣው?»

«አበበች ናታ።»

«እንግዲያው ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ!»

እርዱን ማንም አልጠረጠረም። ወጥ ውስጥ ቢጫ የሚያደርግ ነገር ሳሙና ውስጥ ደም ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?

በገበያው ዕለት እናቴ ሰው በተሰበሰበበት «አመድሽ ውስጥ ምን ከተትሽበት? ሙሽራዬን ልትገድይብኝ ነው?» ብላ ጮኸችባት። አበበች ከሰሏን አንስታ ሄደች። ከዚያ ወዲያ የሚገዛት ጠፋ። እንደተሸከመች ወጥታ እንደተሸከመች ስትመለስ በደጃችን ስታልፍ አያት ነበር። የልጆቿ እራት ያለው እዚያ ሸክም ላይ ነው።

እኔ ግን ነገሩን አላመንኩትም። አበበች አክስቴን በዓይኗ እንኳ አይታት አታውቅም፤ ምን አድርጋት ትጠላታለች? እርድ ስወቅጥ የለበስኩት ቀሚስ ጫፉ ቢጫ ሆኖ ቀርቶ ነበርና እናቴ ሳታየኝ ልጠበው ብዬ ከተረፈው የአመድ ውሃ ጠብ አደረግሁበት። ቢጫው ዓይኔ እያየ ደም ሆነ። ቀሚሱን ይዤ ሮጥኩ።

እናቴ ራሷ በቁራጭ ጨርቅ ሞከረችው። ከዚያ ቁጭ አለች።

«በቃ፣ ዝም በይ።»

«አበበችስ?»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ዝም በይ አልኩሽ!»

«ገበያ ላይ አንቺ ዝም አላልሽም» አልኳት። አለንጋ ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

በማግስቱ አበበችን አስጠራቻት። ቀዩን ሳሙና በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ አጥሩ ሥር ዘረጋችላትና «እርዱ ነው ለካ። እንኪ፣ ይሄን ያዢ» አለቻት። አበበች እጇን አልዘረጋችም።

«ስሜ የጠፋው እዚህ አይደለም። ገበያ ላይ ነው፤ እዚያው ፈልጊልኝ» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

እናቴ እስከ ገበያው ቀን ድረስ ስታጉረመርም ከረመች። ግን ሄደች። ከሰል ተራው መሃል ቆማ ነጭ ጨርቅ ላይ እርድ አሸች፤ የአመድ ውሃ አፈሰሰችበት፤ ለገበያተኛው ሁሉ አሳየች። ቀጥላም «እትዬ አበበች፣ የበደልኩሽ እኔ ነኝ» አለች። እትዬ ሲባል ዞሮ ያላየ ሰው አልነበረም። እትዬ አበበች ግን አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። «ከሰል የፈለገ ይምጣ» አለች። ቀድማ የገዛችው እትዬ ሮማን ናት፤ ዋጋ እንኳ አልተከራከረችም። አክስቴም በዚያው ቀይ ሳሙና ታጥባ ተዳረች፤ ዛሬ የልጅ ልጆች አሏት።

አሁን ዘመኑ ሠልጥኗል ይሉኛል። ደጃፍ ላይ ሰው የሚያስቆም የለም፤ ደግ ነው። ነገር ግን በቅርቡ እዚሁ ሰፈራችን አንዲት ቅቤ ሻጭ ሙዝ ትቀላቅላለች ተብሎ በስልክ ወሬ ተነዛባት። ውሸት ነበር። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ጎረቤት ከተሞቹ ሺሺንዳና ዋጫ ድረስ ያልሰማ የለም። የልጅ ልጄን «የዚህችን ሴት ስም የት ሄደን ነው የምንፈልግላት? ስልኩ ውስጥ ገበያው በየት በኩል ነው?» አልኳት።

እኔ ቅቤ የምገዛው ከዚያች ሴት ነው። አሽትቼ፣ በጣቴ ቀምሼ፣ ግን ከእሷ ነው።