ጣቴን የጠረግኩ ዕለት

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ጾም መሻሬን ነግሬአቸዋለሁ። ሰው መሳደቤን፣ ከጎረቤት በድንበር መጣላቴን፣ ልጄን ከልክ በላይ መግረፌን ነግሬአቸዋለሁ። እሳቸውም ስገድ፣ ጹም ብለው ይፈቱኛል፤ እኔም ንጹሕ ሰው መስዬ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ይህኛውን ግን በየጊዜው ዘልዬው ኖርኩ። እናንተ አታውቁኝም፤ ለናንተ መናገር የቻልኩትም ምናልባት ለዚህ ይሆናል። ይህም ራሱ ፈሪነት ነው፤ እንደ ድፍረት አትቁጠሩልኝ።

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል ከደብር ቄስ እግር ሥር ቆጠርኩ። የቀረውን ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ከፋብሪካው በር ማስታወቂያ፣ ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ ግድግዳ ለቅሜ ነው ያገኘሁት። በዚህ እኮራ ነበር። በንጉሡ ዘመን፣ ጅቡቲ ገና በፈረንሳይ እጅ ሳለች፣ እዚያ የሚሠሩ የባቡር ሠራተኞቻችን «ልጆቻችን አማርኛ ሳያነቡ ሊያድጉ ነው» ብለው አስተማሪ ፈለጉ። የባቡር ነጂ ዘመድ ነበረኝና ስሜን አነሳ። ለአንድ ዓመት ተስማምቼ፣ ሻንጣዬን በገመድ አስሬ ሄድኩ።

ከባቡር መጠገኛው ጀርባ፣ በቆርቆሮ ጣራ ሥር አስተማርኩ። ላባችን ደብተሩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ልጆቹ ጋሼ ይሉኛል፤ ወላጆቹ መምህር ይሉኛል። አቃቂ ሳለሁ መምህር ያለኝ ሰው አልነበረም። ስሙን እንደ ካባ ደረብኩት። ከፊደሉ ይልቅ ስለ ምግባር ማስተማር ወደድኩ፤ አትዋሹ፣ ቃላችሁን አትብሉ፣ ደካማ አትናቁ እያልኩ።

ከልጆቹ ሁሉ ፈጣኗ ጽጌ የምትባል፣ ስታስብ ከንፈሯን የምትነክስ ቀጭን ልጅ ነበረች። እናቷ የሺ ወደቡ አጠገብ ካለ ቡና ቤት መጠጥ ትቀዳለች። የሺ የገላን ገበሬ ልጅ ናት፤ አባቷ ለማትወደው ሰው ሲድራት በባቡር ጠፍታ የመጣች። ከእኛ ቤት እስከ አባቷ ቤት በእግር ይኬዳል። በሰው አገር የወንዜን ልጅ በማግኘቴ ደስ ሊለኝ ሲገባ አፈርኩባት። መንገድ ላይ ሰላም ስትለኝ ግራና ቀኝ አይቼ ነበር የምመልሰው። ክፍል ገብቼ ደግሞ ደካማ አትናቁ እላለሁ። ይህ እንዴት ያለ አፍ ነው?

ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ግብዣው በዛ። ዛሬ እዚህ ቤት፣ ነገ እዚያ ቤት፤ ብላ መምህር፣ ጠጣ መምህር። በነዚያ ሳምንታት ነው የሺ ወደ ጋሽ ተሰማ የሄደችው። ጋሽ ተሰማ የኢትዮጵያውያኑ ማኅበር ሽማግሌ፣ ፀጉሩ የሸበተ የባቡር ነጂ ነበር። የቡና ቤቱ ባለቤት «ጽጌ እኮ አደገች፣ ትሪ መያዝ ትችላለች» ማለት ጀምሯል ብላ ነገረችው። ከትሪው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ከሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። «መምህሩ ልጄን ይዞልኝ ይሂድ፤ አቃቂ ትደግ» አለች።

ለኔ ስንብት ማኅበሩ በተሰበሰበበት እሑድ ጋሽ ተሰማ ተነሣ።

«መምህር፣ ዓመቱን ሙሉ ደግነት ደግነት ስትለን ከርመሃል። ይኸው ደግነቱ ራሱ በእግሩ መጣልህ!»

ሰው ሳቀ። ከወዲያ አንዱ፣ «ተወው ጋሽ ተሰማ፣ የሱ ደግነት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ ነው፤ ማታ ይጠፋል» አለ። ሳቁ ባሰ። እኔ ደሜ ፈላ። ብድግ ብዬ፣ «ማር አምጡ!» አልኩ።

በአገራችን የሌላ ሰው ልጅ የራስ የሚሆንበት ሥርዓት አለ። አባት የሚሆነው ሰው አውራ ጣቱን ማር ያስነካል፤ ልጁ በሽማግሌዎች ፊት ጣቱን ይጠባል። ከዚያ ወዲያ የጡት ልጁ ነው፤ ከአብራኩ ከወጣው አይለይም። የየሺ ወገኖች ኦሮሞዎቹ ጉዲፈቻ ይሉታል፤ በነሱም ዘንድ እንዲህ የተያዘን ልጅ የካደ ሰው ከሰው አይቆጠርም። ይህን አላውቅም ነበር ልበል? አውቅ ነበር። ለልጆቹ ያስተማርኳቸው እኔ ነበርኩ።

ማሩ በስኒ መጣ። ጣቴን ነከርኩ። ጽጌ ተንበርክካ ጠባች። በዚያች ሰዓት ስለ ልጅቷ ያሰብኩ እንዳይመስላችሁ። የማስበው እልልታውን፣ አፉን የዘጋሁትን ተሳዳቢ፣ ስሄድ ከኋላዬ የሚወራልኝን ነበር። የልጅቷ አፍ ሲነካኝ ደግሞ ቀፈፈኝ። የቡና ቤት ሴት ልጅ አፍ፤ በነዚህ ቃላት ነው ያሰብኩት። እልልታው ሳያበቃ እጄን ከጠረጴዛው ሥር አድርጌ ጣቴን በመሀረቤ ጠረግኩ። ደጋግሜ ጠረግኩ። የሺ መሬት ስማ ታለቅስ ነበር።

«አባባ በይው እንግዲህ» አሏት። አባባ አለችኝ።

ሰኞ ክፍል ውስጥም አባባ ብላ ጠራችኝ። «እዚህ ጋሼ ነኝ» ብዬ ተቆጣሁ። ቁጣዬ ከፍርሃት ነበር። አቃቂ ላይ አስካለ የምትባል እጮኛ ነበረችኝ፤ አባቷ ደግሞ ለነውር ምክንያት የማይሰማ ሰው። ባቡር ጣቢያው ላይ ልጅ በእጄ ይዤ ስወርድ ታየኝ። መምህሩ ከጅቡቲ ዲቃላ ይዞ መጣ ሲሉ ተሰማኝ። ለጋሽ ተሰማ ሄጄ አልችልም ብል ምን ነበረበት? አፍሬ እገባ ነበር፤ ልጅቷም ሌላ አባት ይፈለግላት ነበር። እኔ ግን ማፈሩንም አልፈለግኩ፣ ልጅቷንም አልፈለግኩ። ቅዳሜ በመንገደኛው ባቡር እንሄዳለን ብዬ ተናገርኩ።

ሐሙስ ዕለት የሺ በወተት ቆርቆሮ ሞልታ ዳቦ ቆሎ አመጣችልኝ። «ለሁለታችሁ ነው፣ መምህር። እሷ ጣፋጭ ነገር ነፍሷ ነውና ስኳሩን አብዝቼዋለሁ፤ እርስዎ በሻይ ያወራርዱታል» ብላ ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ተቀበልኳት። እግዜር ይስጥልኝ አልኳት።

ዓርብ ማለዳ በዕቃ ባቡር ሄድኩ። አንድ የማውቀው ሠራተኛ በሲሚንቶ ከረጢቶች መካከል ቦታ ሰጠኝ። ዳቦ ቆሎውን በላሁት። ከድቼ ስሸሽ የከዳኋትን ልጅ ስንቅ በላሁ። አልታነቅኩም፤ ጣፍጦኝ ነው የበላሁት። ባዶውን ቆርቆሮ ከአዋሽ ድልድይ ወረወርኩ፤ አቃቂ ስደርስ እጄ ባዶ፣ ልብሴ በሲሚንቶ ነጭ ነበር። ጣቢያው ላይ ያገኙኝ ሰዎች፣ «መምህር እንደ መልአክ ነጥተህ መጣህ!» ብለው ቀለዱ። አብሬአቸው ሳቅኩ።

አስካለን አገባሁ። ፋብሪካው መጋዘን ገባሁ። ሦስት ልጆች ወለድኩ፤ በጥብቅ አሳደግኳቸው። አንድ ጊዜ ወንዱ ልጄ ዓይነ ስውሩን ጎረቤታችንን ቤተ ክርስቲያን አደርስዎታለሁ ብሎ ኳስ ሜዳ ቀረ። ጠጠር ላይ አንበረከክኩት። ቃል የእምነት ዕዳ ነው እያልኩ፣ ጉልበቱ እስኪደማ፣ ከፊቱ ቆሜ ሰበክሁት። ያ ልጅ ዛሬም ጉልበቱ ላይ ጠባሳ አለው። የማን ጠባሳ እንደሆነ አሁን ይወቀው።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እሑድ ቀትር ላይ ማዕድ ቀርበን ሳለ የባቡሩ ፉጨት ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ወጣት ሴት ደጃፋችን ቆመች። ነጠላዋ የጉዞ አቧራ ይዟል። ገና ሳያት አወቅኳት፤ ስታስብ ከንፈሯን መንከሷ አልተለወጠም።

«አባባ፣ አወቁኝ?» አለች።

አስካለ እንግዳ ሲመጣ ነፍሷን አታውቅም። «ግቢ የኔ እናት፣ ምን ደጅ ያቆምሻል! ከየት ነው?»

«ከድሬዳዋ ነው፣ እናቴ።»

«ውይ የድሬ ልጅ! በባዶ እጅሽ ነው እንዴ? የድሬ ሰው ብርቱካን ሳይዝ ይመጣል?» እያለች ትስቅላታለች። ወደኔ ዞራ ደግሞ፣ «ምን አፍጥጠህ ታያታለህ? አትቀየሚው ልጄ፣ ለኔም ፊቱ እንዲሁ ነው» አለች።

ጽጌ ዓይኗን ከኔ አላነሣችም። አንዲት ቃል ነበር የምትጠብቀው። ሚስቴ ፊቴ፣ ልጆቼ ፊቴ ናቸው።

«ቤት ተሳስተሽ ነው» አልኩ።

ወደ አስካለ ዞራ፣ «እውነታቸውን ነው እናቴ፣ ተሳስቼ ነው። የምፈልገው ሰው መምህር ነበር» አለች። አትዋሹ ብዬ ያስተማርኳት ልጅ፣ በቤቴ፣ ለኔ ስትል ዋሸች።

ተነሥቼ ሸኘኋት። ደግ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ መሄዷን ላረጋግጥ ነው። ከአጥሩ ውጭ ቆመች።

«ልለምንዎት አልመጣሁም» አለችኝ። «ጅቡቲን ትቼ ድሬዳዋ ነው የምኖረው። የሚያገባኝ ሰው አለ፤ ጨዋ ነው። ወገኖቹ ሽማግሌ እንላክ አሉ። የሚላኩበት አባት የለኝም። ጋሽ ተሰማም ሞቱ፣ እማዬም ሞተች። አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ቁጭ ብለው ‘ሰጥቻለሁ’ ቢሉልኝ ብዬ ነው።»

ዓይኔን ወደ አጥሩ መለስኩ።

«ያን ቀን ጣትዎን ሲጠርጉ አይቻለሁ» አለች። «እማዬ አላየችም። እኔም አልነገርኳትም። ቅዳሜ ጣቢያው ላይ ጓዜን ይዛ ስትጠብቅ፣ አይመጡም ልላት እፈልግና ታሳዝነኝ ነበር። ሊወስዱኝ የሚመለሱበት ባቡር ዘግይቶ ነው ትል ነበር። እስክትሞት እንደዚያ እንዳለች ነው።»

እኔ ምን አልኩ? ይህን ሁሉ የጻፍኩት እዚህች ቃል ላይ ለመድረስ ነው። ከሕይወቴ ቃል ሁሉ የምጸየፋት እሷ ናት።

«ባቡሩ እንዳያመልጥሽ» አልኳት።

ራሷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሣችኝ፤ ሄደች። ሽማግሌዎቹ በማን ደጅ እንደቆሙ አላውቅም። ትሪውንስ ያዘች ወይስ አልያዘችም? አልጠየቅኳትም። የሚያስጠይቀኝን ነገር ሁሉ ሳልጠይቅ መኖር ችያለሁ።

ባለፈው ሰሞን ለልጄ ለአልማዝ ሽማግሌ ተልኮ መጣ። ጋቢዬን ለብሼ በክብር ተቀመጥኩ። ቤተሰቡን ጠየቅኩ፣ ምግባሩን ጠየቅኩ፣ አባትነት ምን ያህል ከባድ አደራ እንደሆነ ንግግር አደረግኩ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። አንደኛው ሲወጡ፣ «የመጀመሪያ ልጅዎ ናት አይደል? የመጀመሪያ ልጅ ስትሰጥ አንጀት ይበላል» አለኝ። አዎ አልኩ። ያን ጊዜ የባቡሩ ፉጨት ከወደ ጣቢያው መጣ፤ ጣቴን በጋቢዬ ጫፍ ስጠርግ ራሴን አገኘሁት። ጣቴ ላይ ምንም አልነበረም።

ወጣት ነበርኩ አልልም። የወጣት ስህተት ቢሆን ኖሮ ሽበት አብቅዬ ባልደገምኩት። የአስካለን አባት ፈርቼ ነው አልልም፤ ጽጌ ደጄ ስትቆም ሰውየው ከሞተ ቆይቷል። ይቅርታ የሚሰጡኝ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዷ ባቡር እየጠበቀች ሞተች፣ ሁለተኛዋን በባቡር መለስኳት። እናንተን ይቅር በሉኝ ብዬ ብለምን፣ በሌላ ሰው ቁስል ላይ ምን ሥልጣን አላችሁ?

ይህን ወረቀት ዛሬ ማታ ከማዕድ በኋላ ለአስካለና ለልጆቼ ራሴ አነብላቸዋለሁ። ነገ ከአልማዝ ሽማግሌዎች ዘንድ ሄጄ የመለስኩላቸውን አቃናለሁ። ከዚያ ወደ ድሬዳዋ እሳፈራለሁ፤ ባገኛት ደጇ ላይ እቆማለሁ፣ በሩን ብትዘጋብኝ ልክ ናት።

አልማዝ ሁለተኛ ልጄ ናት። የመጀመሪያዋ ጽጌ ትባላለች።