የከዚራው ቤት ፋትማዎች

ናዲፋ ዋበሪ ስትናደድ አትጮኽም፤ ዕቃ ታጥባለች። የታጠበ ድስት ከመደርደሪያ ታወርድና እንደ አዲስ ትፈትገዋለች፤ ጥቁረቱ ከለቀቀ በኋላ ገላው እስኪሳሳ ድረስ። ባለፈው ሐሙስ ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ያለው የጓሮዋ ቧንቧ ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ ሲወርድ ዋለ። ውኃ በወረፋ በሚገኝበት ሰፈር ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ጎረቤቶቿ "ዛሬ ደግሞ ማን ነካት?" ተባባሉ።

የነካቻት የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ ያውም ሳታውቅ።

ናዲፋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ድሮ የባቡር ሹማምንት ይኖሩባቸው ከነበሩት ባለ ሰፊ በረንዳ ቤቶች በአንዱ ሃያ ሦስት ዓመት ሠርታለች። አሠሪዋ እትዬ ሸዋገነት ይባላሉ፤ የጣቢያ ሹም ሚስት የነበሩ፣ ዘንድሮ ሰባ ስምንት የሞላቸው መበለት ናቸው። ክፉ ሴት አይደሉም፤ የሚያናድደውም ይኼ ነው። ክፉ ቢሆኑማ ገና ድሮ ጥላቸው በወጣች ነበር። ለረመዳን ቴምር ይገዙላታል፤ ባሏ የሞተ ጊዜ የወር ዕረፍት ከነደሞዟ ሰጥተዋታል። ድሬ ላይ አንቱታ ብርቅ ነው፤ ሽማግሌውም ሕፃኑም አንተና አንቺ እየተባባለ ይኖራል። ናዲፋ ግን እሳቸውን "እርስዎ" ከማለት አንድም ቀን ስታ አታውቅም። እሳቸው ደግሞ እሷን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "ፋትማ" ይሏታል።

የዚያን ቀን ስሟን ነግራቸው ነበር። የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ነበረች። "ናዲፋ እባላለሁ" ስትል እትዬ በእጃቸው ዝንብ እንደሚያባርር ሰው አደረጉና "እኛ ቤት ፋትማ ነው የምንለው" አሏት። ከዚያ ወደ ጓዳ መሯትና ሥራ ልትለቅ ከደረሰች፣ ከገንደ ቆሬ ከምትመጣ አንዲት አሮጊት ጋር አገናኟት። አሮጊቷ አንድ ሳምንት ሙሉ ሥራውን አሳየቻት። ምንጣፍ እንዴት እንደሚራገፍ፣ እትዬ መድኃኒታቸውን በስንት ሰዓት እንደሚውጡ፣ የትኛው በር ሲዘጋ እንደሚጮህ ነገረቻት። በየቀኑም ዳቦዋን ለሁለት ገምሳ አበላቻት። በመጨረሻው ቀን ሽርጧን ፈትታ ናዲፋ ወገብ ላይ አሰረችና ሄደች።

ናዲፋ በአዲሱ ስሟ አልተከፋችም። እንዲያውም ልቧ ሞቀ። የነቢዩ ልጅ ስም ነው! የገዛ ስሟ "ንጹሕ" ማለት ነው፤ አባቷ ያወጣላት ሦስት ቀን ውኃ ጠፍቶ ከርሞ በመጣው የመጀመሪያ ባልዲ ስለታጠበች ነው። ይህንን ስም ትወደዋለች። ቢሆንም መጋላ ተመልሳ ለጎረቤቱ ሁሉ "አሠሪዬ ክርስቲያን ሆና በነቢያችን ልጅ ስም ነው የምትጠራኝ፣ ወላሂ!" ብላ አወራች። ለዓመታት አወራች። ሐሙስ ዕለት ያን ድስት ያስፈተጋት ይኼው የገዛ ወሬዋ ነው።

ሐሙስ ጠዋት፣ የናዲፋ ጉልበት ስለደከመ፣ ሆዳን የምትባል ልጅ ለረዳትነት ተቀጠረች። ልጅቷ በረንዳው ላይ ቆማ ስሟን ተናገረች። እትዬ ሸዋገነት ቀና ብለው እንኳ ሳያዩዋት "አንቺ ትንሿ ፋትማ ነሽ። ያቺ ትልቋ ፋትማ ናት፤ ሥራውን ታሳይሻለች" አሏት።

 ናዲፋ ከሥራ ተመልሳ ቤቷ ከመግባቷ በፊት ከቤቷ ፊት ለፊት ልጆች ቁርኣን የሚያስቀራውን ኡስታዝ ዐብዲቃድርን በሩ ላይ አገኘችው። መጽሐፍ ካገኘ ምሳውን የሚረሳ ሰው ነው።

"ኡስታዝ፣ የፋጢማ ስም ትርጉሙ ምንድነው?"

ኡስታዝ ደስ አለው፤ ሲጠየቅ ይወዳል። "ጡት ያስጣለች ማለት ነው። የነቢያችንን ልጅ ዘህራ ይሏታል፣ ብርሃኗን አይተው። ከሷ ስም ስንት ነገር ወጣ መሰለሽ! ካይሮን የቆረቆሩት ነገሥታት ዘሯ ነን ብለው ፋጢሚዮች ተባሉ። በር ላይ የሚንጠለጠለው መዳፍ የፋጢማ እጅ ይባላል። እኛ ጋ ሶማሌው ፋዱማ ይላል፣ ሐረሪው ፋጡማ፣ ሲያቆላምጧት ደግሞ ፋጤ..."

"ከዚራ ሠራተኛውን ሁሉ ፋትማ የሚሉትስ?"

የኡስታዝ ፊት ተለወጠ። "አቦ፣ እሱን ተይው።"

"ንገረኝ።"

"ከፈረንሳዮች የመጣ ነው። አልጀርስን ሲገዙ ቤት የምትጠርግላቸውን ሴት ሁሉ ፋትማ ይሏት ነበር፤ ዓይሻ ትሁን ኸዲጃ ግድ የላቸውም። አንዲት ፋትማ ቀጠርኩ ይላሉ፣ አንድ መጥረጊያ ገዛሁ እንደማለት። ጅቡቲ ደረሰ፣ ከዚያ ከባቡሩ ጋር ወደዚህ ወጣ። የእትዬ ባልም ከፈረንሳይ አለቆቹ ሰምቶ ይሆናል ቤቱ ያስገባው።"

ናዲፋ አመስግናው ወደ ጓሮዋ ገባችና ቧንቧውን ከፈተች። የተሰደበ ሰው ስድቡን ያውቀዋል፤ ይመልሳል ወይ ይውጠዋል። እሷ ግን ስድቡን ስጦታ መስሏት በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ለጎረቤት አሳይታ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ኮርታበታለች። እትዬን ጠላቻቸው። ራሷንም ጠላች። 

ቅዳሜ እትዬ ሸዋገነት የባላቸውን የድሮ ወዳጆች ምሳ ጋብዘው ነበር። ናዲፋ ሩዙን ስታቀርብ አንዱ ሽማግሌ "ፋትማ፣ እጅሽ ይባረክ" አሏት። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ እትዬ ዞረች።

"ስሜ ማን ነው?"

"ምን ሆነሻል ዛሬ? ፋትማ ነዋ!"

"አባቴ ያወጣልኝን ነው የጠየቅሁሽ።"

"እርስዎ" ቀርቶ "አንቺ" አለቻቸው። እትዬ እንግዶቹን አዩ፤ ለመሳቅ ሞከሩ። "ነግረሽኝ ነበር እኮ... ማን ነበር... እንደው ዕድሜ..."

"ዕድሜ አይደለም!" አለች ናዲፋ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች። "የትኛው ጥርስሽ እንደሚያምሽ አውቃለሁ። በየትኛው ጎንሽ እንደምትተኚ አውቃለሁ። የሞቱ ወንድሞችሽን ስም በተራ እቆጥርልሻለሁ። አንቺ አንድ ስም አቃተሽ?"

 ናዲፋ ሽርጧን ፈትታ ወንበር ላይ ጣለች። ለእንግዶቹ እንዲሰማ አድርጋ "ሆዳን! ሥጋው ምድጃ ላይ ነው፣ እንዳያር" ብላ ወጣች። ስሟን ግን አልነገረቻቸውም። አሁን ከሳቸው መምጣት ነበረበት፤ እሷ የፈለገችው ይህንን ብቻ ነው። ስልኳንም አጠፋች።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንዲት ባጃጅ መጋላ፣ የናዲፋ መንደር አፍ ላይ ቆመች። እትዬ ሸዋገነት ጥላቸውን ዘርግተው ወረዱ። የደቻቱን ወንዝ ተሻግረው ወደዚህ ሲመጡ ናዲፋ አይታቸው አታውቅም። የምትሸጠውን ሽቶ ስታሽግ የነበረችው ልጇ ኢዲል ሮጣ መጥታ መጋረጃውን ለእናቷ ገለጥ አደረገችላት።

"ፋትማ!" አሉ እትዬ። "የፋትማ ቤት የቱ ነው?"

ባለሱቋ ፋዱማ "አቤት!" ብላ ብቅ አለች። ሳምቡሳ የምትጠብሰው ፋጡማ እጇ ዱቄት እንደሆነ ወጣች። ከወዲያኛው ግቢ አንዲት ነፍሰ ጡር ወጣች፤ አንዲት ትንሽ ልጅም "እኔን ነው?" እያለች መጣች። ሌሎች ሁለት ተጨምረው ስድስት ሆኑ። እትዬ በመሐላቸው ቆመው ወዲያ ወዲህ አሉ።

"ከዚራ የምትሠራዋን ነው... ጉልበቷን የሚያማት..."

ያኔ መንደሩ በሙሉ ማንን እንደሚፈልጉ አወቀ። አንዱም ጣቱን አልቀሰረም። ኡስታዝ ዐብዲቃድር ከበሩ ላይ፣ በትሕትና፣ "ስሟን ይንገሩኝና ቤቷን ላሳይዎት" አላቸው።

 ፀሐዩ አናት ይበሳል። ባጃጇ ጥሩንባዋን ነፋች። እትዬ ሸዋገነት ጥላቸውን አጥፈው ባጃጇ ውስጥ ተመልሰው ገቡ።

ናዲፋ አላዘነችም፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አላት። ኢዲል እየሳቀች ሻይ ቀዳችላት።

"አበጀሽ፣ ሆዮ፣ እናቴ! ወደዚያ ቤት ድርሽ እንዳትዪ።" ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ "ከአንቺ በፊት የነበረችዋንስ፣ ያቺን ዳቦ የምታካፍልሽን ሴትዮ፣ እሷንም ፋትማ ነበር የሚሏት?" አለች።

"አዎ።"

"እውነተኛ ስሟ ማን ነበር?"

ናዲፋ ልትመልስ ብርጭቆውን ከከንፈሯ አወረደች። አንድ ሳምንት አብረው ሠርተዋል፤ ከአንድ ዳቦ በልተዋል። "እማማ ፋትማ" ነበር የምትላት። ከዚያም በኋላ ስለሷ ስታወራ "የበፊቷ ፋትማ" ትላታለች። አልጠየቀቻትም። አንድም ቀን አልጠየቀቻትም።

ተነሥታ ሻሿን አሰረች።

"ወዴት ነው?" አለች ኢዲል።

"ገንደ ቆሬ። በሕይወት ካለች እፈልጋታለሁ።"

"ማን ብለሽ ነው የምትጠይቂው?"

ናዲፋ እጇን በሩ ላይ እንዳደረገች ቆመች። ከዚያ ሻሿን ሳታወልቅ ወደ ጓሮ ዞረች፤ ከመደርደሪያው ድስቱን አወረደችና ቧንቧውን ከፈተች።