ከአልጋዬ የሠራሁት ማርሚታ

ስስታም ነህ ያለኝ ሰው ሁሉ ጠላቴ ነበር። ሽበት ካወጣሁ ወዲህ ግን እውነቱን ልናገር፤ ስስታም ነበርኩ። በደርግ ዘመን ንፋስ መውጫ ከተማ አስተማሪ ሳለሁ፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የመንገድ መሐንዲስ ሁለት በር ብቻ ያላት ቀይ የስፖርት መኪና ገዛሁ። የገዛኋት ሀብታም ሆኜ ሳይሆን የሚፈልጋት ሰው ስለጠፋ ነው። ቤንዚን በኩፖን ነበር፤ የግል መኪና የያዘ ሰው ደግሞ በስብሰባ ላይ በጎሪጥ ይታያል። ባትሪዋ ሞቷል፤ ካልተገፋች አትነሣም። ከተነሣች ግን ትበራለች፤ ቢያንስ ቁልቁለት ላይ።

ችግሩ ማርሚታዋ ነበር። ማርሚታ ከመኪናው ሥር ተዘርግቶ ጭሱን የሚያወጣው ቧንቧ፣ ድምፁንም የሚያፍነው ሆዱ ነው፤ የመኪናዬን ዝገት በልቶታል። ደብረ ታቦር ወስጄ ለአንድ ጋራዥ ባሳይ የጠራልኝ ዋጋ መኪናዋን እንደገና የሚሸጥልኝ ነበር የሚመስለው። ተናድጄ ተመለስኩ። በዚያው ሳምንት ከመቀመጫዋ ሥር አንድ የቆየ የፈረንጅ መጽሔት አገኘሁ። የእሽቅድድም መኪኖች ፎቶግራፍ አለበት፤ ሁሉም ከኋላቸው ሁለት ሁለት ቧንቧ ደርድረዋል። በደከመው እንግሊዝኛዬ እንደተረዳሁት፣ ጭሱ ያለ እንቅፋት ከወጣ ሞተሩ እንደ ልቡ ይተነፍሳል፣ ጉልበት ይጨምራል፣ ቤንዚንም ይቆጥባል። «ይቆጥባል» የሚለው ላይ ስደርስ ልቤ ዘለለ። መጠገኑን ትቼ ላሻሽላት ቆረጥኩ።

ቧንቧ ከየት ይምጣ? ከአልጋዬ። ጥሩ የብረት አልጋ ነበረኝ። ራስጌውንና ግርጌውን ፈታሁ፣ ፍራሹን መሬት ላይ ዘረጋሁ፣ ቧንቧዎቹን ተሸክሜ ወደ ከተማው ቀጥቃጭ ሄድኩ። ቀጥቃጩ ዝም ብሎ ሠርቶ የሚሸኝ ሰው አልነበረም። መጽሔቱን አገላብጦ አየና፣

«መምህር፣ ሁለት አፍ ይኑራት ካሉ ይኑራት። ድምፁን ግን የት ሊያደርጉት ነው? እዚህ የድሮው ሆድ ውስጥ ያለው ቆርቆሮ እኮ ለጌጥ አልተቀመጠም» አለኝ።

«አንተ ብረቱን ብቻ አጥፍልኝ» አልኩት። የሚያውቅ ሰው ሲናገር መስማት ያኔ አይሆንልኝም ነበር።

ከሥሯ በጀርባዬ ተኝቼ፣ አፈር እየቃምኩ፣ በሽቦና በብሎን ራሴ አሰርኩት። በማግስቱ ተገፍታ ስትነሣ የገበያው አህያ ሁሉ ጭነቱን እየጣለ ሸሸ። ኬላው ላይ የቆመው አብዮት ጠባቂ መሣሪያውን ከትከሻው አውርዶ ጠበቀኝና፣ ወደ ውስጥ አጎንብሶ ካየኝ በኋላ «ጓድ፣ ታንኩን ለማን ልታስረክብ ነው?» አለኝ። እኔ ደግሞ ኮራሁ። እውነቴን ነው፣ ኮራሁ።

በዚያን ጊዜ አንደኛ ክፍል የምታስተምር አንዲት ባልደረባዬን እወድ ነበር። ስትስቅ ክፍሌ ድረስ ይሰማኛል፤ ትምህርቴን አቋርጬ እሰማታለሁ። አባቷ ታች ጋይንት ገጠር ውስጥ ጉባኤ ዘርግተው ድጓ የሚያስተምሩ የኔታ ነበሩ። ዓይናቸው ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ሰውን በኮቴው ይለያሉ ይባላል። እሷም አልደበቀችኝም። «ሽማግሌ ላክ። አባባ እምቢ ካሉ ግን እኔም እምቢ ነኝ» አለችኝ። ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ያቺን ሴት የማግኘት ተስፋዬ በአንድ ሰው ቃል ላይ ተንጠልጥሏል።

ሦስት ሽማግሌ መረጥኩ፤ የነፍስ አባቴን፣ የትምህርት ቤታችንን ዳይሬክተርና ቤት ያከራዩኝን አዛውንት። በወጋችን ጠያቂው ልጅ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ዓይን አውጣ ያሰኛል። ግን መንገዱ ሩቅ ነው፣ መኪናዋን ከእኔ በቀር የሚነዳ የለም። በቅሎ መከራየት ደግሞ ገንዘብ ነው። ስለዚህ መላ ዘየድኩ፤ ከቤታቸው በታች ካለው ባሕር ዛፍ ሥር አወርዳቸውና ራሴን እሰውራለሁ። በሁለት በር ሦስት ሽማግሌ ማስገባት ቀላል አልነበረም። የነፍስ አባቴን፣ አባን፣ ከነጃንጥላቸው ከኋላ ስናጥፋቸው ሁለት ጊዜ አማተቡ።

ደርሰን ወረዱ። እኔ ከዛፉ ጀርባ ቀረሁ፤ ሞተሩንም አላጠፋሁም። ባጠፋው የሚገፋ የለም፤ ሽማግሌ መኪና አስገፍቶ ሚስት አይጠየቅም። የሆነውን በኋላ የነገሩኝ አከራዬ ናቸው።

ሽማግሌዎቹ ከደጅ ቆሙ። የኔታ ተማሪዎቻቸውን ዝም አሰኝተው «ግቡ» ቢሏቸው፣ እንደ ወጉ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም አሉ። አባ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ።

«ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ለመለመን ነው የመጣን። ልጃችን ጨዋ ነው። ረጋ ያለ፣ አንገቱን የደፋ፣ ድምፁ እንኳ የማይሰማ...»

ይኼኔ መኪናዬ ከታች አጓራች፤ አከታትላም እንደ ጠመንጃ ሁለቴ ተኮሰች። አባ የቀረውን ምስጋናዬን በጩኸት ጨረሱ። የኔታ ግን እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው።

«ቆዩ እስቲ። ይኼ ነገር ግዕዝ አይደለም፣ ዕዝል አይደለም፣ አራራይም አይደለም። ሁለት አፍ አለው። አንዱ ይመራል፤ ሁለተኛው መቀበል አቅቶት ያቃስታል። ተሰንጥቋል።» ጆሯቸውን ወደ ታች አዘንብለው ቀጠሉ። «ድምፁ አይሰማም ያላችሁኝ ልጅ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ያለው ነው?»

ዳይሬክተሩ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ፤ አባ ግን እንዲዋሹ ማዕርጋቸው አይፈቅድላቸውም። «ነው፣ የኔታ» አሉ።

«እኔ ልጄን በዜማ ነው ያሳደግኋት፤ በእንዲህ ያለ ጩኸት አትወሰድም። አሁን ሂዱ። ስትመለሱ ሳልሰማችሁ ድረሱብኝ፤ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

አከራዬ መኪናዋ ውስጥ እየተጠቀለሉ «አንተ ልጅ፣ ሚስት ልንለምንልህ ሄደን ሞተር አስመርምረን መጣን» አሉኝ። ወርጄ ከሥሯ አየሁ። የግራው ቧንቧ ጣት በሚያክል ስንጥቅ ተከፍሏል። ያኔ ፈራሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ትንሽ ቤንዚን ልቆጥብ ብዬ ልጅቷን ላጣት ነው። 

ቀጥቃጩ ዘንድ ስመለስ አልሳቀብኝም፤ ደግነቱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ሌላ ብረት አለዎት?» ብቻ አለኝ። የቀረውን አልጋዬን አመጣሁለት። ከአሮጌ በርሜል ሆድ ቆርጦ ሠራ፤ የአልጋውን ብረት ቀጥቅጦ፣ በስቶ፣ በውስጡ ደረደረው። ያ ሁሉ ሲደመር ከጋራዡ ዋጋ አለፈ፤ በስንት እንዳለፈ ለሚስቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። መኪናዋ ግን ዝም አለች። በገበያው መሐል ሳልፍ አህያ ጆሮውን አላነሣም።

ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ሄዱ፤ አከራዬን ማሳመን ግን ብዙ ልመና ጠይቆኛል። የኔታ የአባን ሰላምታ ከደጃፋቸው እስኪሰሙ ድረስ መምጣታችንን አላወቁም። ቃላቸውን አከበሩ፤ ልጃቸውን ሰጡኝ። ተጋባን። ቤቴ በገባች ቀን ዙሪያውን ተመልክታ «አልጋው የት አለ?» አለችኝ።

«ከመኪናው ሥር» አልኳት። ሳቋ መንደሩን ሞላው።

ከሠርጋችን ጥቂት ወራት በኋላ አባቷን ልንጠይቅ ሄድን። መምጣታችንን አስቀድመን አሳውቀናቸዋል። ግቢያቸው በር ድረስ በዝምታዋ ነዳሁና ቁልቁለት ላይ አቆምኳት። የኔታ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከግንቡ ሥር፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው ተቀምጠዋል። ሚስቴ ሮጣ እጃቸውን ስትይዝ ደነገጡ።

«ማነው? ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

ፊቷን በጣቶቻቸው ዳበሱ። «ከጠዋት ጀምሬ መንገዱን ሳዳምጥ ነው የዋልኩት። እንዴት ብትመጪ ሳልሰማሽ ቀረሁ? መቼም ጆሮዬም ከዳኝ አልኩ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ የቆምኩበትን አልሳቱም።

«ልጄ፣ ያን ጊዜ ዝም ይበል ያልኩት ሊወስዳት ሲመጣ ነው። ሊያመጣት ሲመጣ ግን ይጩህ እንጂ።»

 በዚያ ሁሉ ቁጠባዬ ሰው ሲጠብቅ የሚከፍለውን ዋጋ አስቤው አላውቅም ነበር። ሲመሽ ተመለስን።

በማግስቱ ከመኪናዋ ሥር ተኝቼ፣ በመዶሻና በወፍራም ሚስማር፣ ያን ሁሉ ብረት የፈጀውን ማርሚታ በሳሁት። አንድ ቀዳዳ፣ በግራ በኩል። ቀጥቃጩ ሰምቶ እብድ ነዎት እንዳይለኝ ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲህ ታች ጋይንት በሄድን ቁጥር የኔታን የምናገኛቸው ከግቢያቸው በር ላይ ቆመው ነው።