ጥድ በመስቀል አይተከልም

ያኔ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ወልቂጤ ላይ ልብስ እየሰፋሁ ነው የምኖረው፤ ሜትር ከአንገቴ አይወርድም። ለመስቀል እንደ ሁሉም ሰው አገር ቤት ገባሁ፤ እምድብርን አልፎ ሽቅብ ወደ አረቅጥ፣ ብርዱ አጥንት ወደሚፈትሽበት ደጋ። ከቤታችን ጀርባ አባታችን የተዉልን ሦስት ትልልቅ ጥዶች አሉ። በማግስቱ ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ መጣ፤ ከስጦታው ልብስ ጎን የሞተር መጋዝ ጭኗል።

«ምነው ጋሼ፣ ዘንድሮ ሰንጋውን በመጋዝ ልንጥለው ነው?» አልኩት።

«ጥዶቹን ነው። ከአናታቸው ደርቀዋል። ባሕር ዛፍ እንተክልበታለን።»

አናታቸው ላይ ጥቂት ቅርንጫፍ መድረቁ እውነት ነው። ግን ሞተዋል? ዘልቄ ገባሁና ከአባታችን ሳጥን ቀጭኑን የእንሰት ቃጫ አወጣሁ። አባታችን በየመስቀሉ ዋዜማ ትልቁን ጥድ በዚያ ቃጫ ዙሪያውን ይለኩትና ልኩ ያለቀበት ላይ የዓመቱን ቋጠሮ ያስሩ ነበር። እሳቸው ካረፉ ወዲህ እኔ ነኝ የማስረው፣ ምልክታቸውን ጠብቄ።

«ደግሞ ለዛፍ ቀሚስ ልትሰፊ ነው?» አለ ወንድሜ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሳቄን ስጨርስ ግን ገመዱን እሳት ዳር የተቀመጡት አጎታችን ጭን ላይ ዘረጋሁት። ስለዚያ መሬት የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል።

«አጎቴ፣ በጣትዎ ይዳስሱት።»

ዳሰሱት። በልግ በጊዜው በዘነበባቸው ዓመታት በቋጠሮና በቋጠሮ መካከል ጣት ይገባል። በልግ በቀረባቸው ዓመታት ቋጠሮዎቹ ተነባብረዋል። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ገባ።

«ይሄ የመቼ ነው?»

«የዘንድሮው፤ ትናንት ያሰርኩት።»

«ታዲያ ይሄ እያደገ አይደል እንዴ!»

ወንድሜ በዚህ አልተበገረም። «እሺ ይኑር። ግን ልጅ የለውም። እኔ ራሴ ስንት መስቀል ጥድ ተከልኩ? አንድ ጸደቀ? አየሩ ተለውጧል። ደጋው ጥድ አልፈልግም ብሏል።»

ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው።

«ደጋው ምንም አላለም! በመስቀል የምንተክለው ለችግኙ ስለሚመቸው ነው ወይስ እኛ ስለተሰበሰብን? ዝናቡ ዕቃውን ጠቅልሎ ሊሄድ ሲል ገላጣ ሜዳ ላይ ትተክለዋለህ፤ ፎቶ ትነሳና ትሄዳለህ። ጥቅምት ላይ ሰማዩ ሲጠራ ውርጩ ይመጣል። አንተ ያኔ ሱቅህ ውስጥ ነህ። በራሱ የበቀለ ጥድ የት እንዳለ አይተህ ታውቃለህ? ከትልልቆቹ ሥር፣ ከአስታው ቁጥቋጦ መሃል ነው። ከላይ የሚያለብሰው ከሌለ ትንሹን ውርጭ ይበላዋል። እናቱን ቆርጠህ ደግሞ ልጅ የለውም ትላለህ?»

«ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። ጎንበስ ብዬ አየሁ።»

የአየሩን መለወጥ አልክድም፤ ገመዱ ራሱ ይመሰክራል። ግን በልግ ሲቀር ጥዱ እድገቱን ገትቶ ይታገሣል። የማንታገሠው እኛ ነን።

አጎታችን ገመዱን ጠቅልለው መለሱልኝና ፈረዱ። «በሰኔ ትትከል። ውርጩ ይለፍና በጥር አየዋለሁ። ካልጸደቀ መጋዙ ይነሳል።» መጋዙ ጓዳ ተቀመጠ።

በሰኔ የስፌት ቤቴን ዘግቼ ወጣሁ። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ገብቼ አስር ችግኝ ከጥዶቹ ሥር፣ ከአስታው መሃል ተከልኩ። መንደሩ «ሰፊዋ ቀሚሷን በጭቃ ጠቀመችው» ብሎ ተሳለቀብኝ። ይሳቅ!

ሁሉም ጸደቁ ብዬ አልዋሽም። አራቱን ውርጩ ወሰዳቸው። በጥር አጎታችን በምርኩዛቸው መጡና አጎንብሰው የቀሩትን ስድስቱን አንድ በአንድ በጣታቸው ነኩ። «ጥዶቹ ይቁሙ» አሉ። ለወንድሜ ስልክ ደወልኩለትና ነገርኩት። «ሰማሁ» አለና ዘጋው።

ወንድሜ ከመስቀል ውጪ አገር ቤት መጥቶ አያውቅም ነበር። በቀጣዩ ሰኔ መጣ። ባሕር ዛፉን ከወንዙ ማዶ ባለው በራሱ መሬት ላይ ተከለ። አራት የጥድ ችግኞችም ይዞ ነበር፤ የእኔ አራቱ በሞቱበት ቦታ፣ አስታው መሃል ተከላቸው። ከዚያ መጋዙን ከጓዳ አውጥቶ ጫነና ተመለሰ።